የትርሲት ግራ እጅ

(ቅዳሜ ረፋድ ነው፤ የቀራፂው የልሳነወርቅ ሙት ዓመት ሁለት ሳምንት ሲቀረው ባለቤቱ እትዬ አስካለ ለመቃብሩ ያዘዘችውን ቅጂ ልታይ ልደታ አካባቢ ወዳለው ወደ ኪሩቤል የስካንና የፕሪንት ክፍል ሦስት ፎቅ በእግሯ ወጥታ፣ ገና ትንፋሿ ሳይመለስ የቅጂውን መሸፈኛ ገልጣ አይታ፣ ጠቡን ጀምራዋለች።)

አስካለ፦ ሸፍነው! ሸፍነው ብዬሃለሁ! ይኼ የኔ አይደለም።

ኪሩቤል፦ እትዬ፣ እባክዎ መጀመሪያ አረፍ ይበሉ። ደረጃው አድክሞዎት ነው።

አስካለ፦ ደረጃው ጉልበቴን እንጂ ዓይኔን አላደከመውም። የባሌን ሥራ አታውቂውም ልትለኝ ነው? ሠላሳ ሁለት ዓመት ሳሎኔ ውስጥ ቆሞ አቧራውን ስጠርግ የኖርኩት እኔ ነኝ።

ኪሩቤል፦ ያው ራሱ እኮ ነው። ቁመቱ አንድ ሜትር ከሃያ፣ ያው። ወገቡ ላይ ያለችው ጥምዝ፣ ያው። አናቱ ላይ ያለችው ጭረት እንኳ አልቀረችም፤ ይኸው በጣትዎ ይንኳት።

አስካለ፦ ጭረቷን አየኋት። እኔ ነኝ የጫርኳት፣ መጋረጃ ስሰቅል በሚስማር። ደስ ይበልህ፣ የኔን ጥፋት አሳምረህ አምጥተሃል።

ኪሩቤል፦ ታዲያ ምን ጎደለው?

አስካለ፦ አታውቅም?

ኪሩቤል፦ ቀለሙ ከሆነ፣ ግራጫ የሆነው ፕላስቲክ ስለሆነ ነው። ይኼ ለመነሻ ነው፤ ከዚህ ላይ ሲሚንቶ የሚፈስበትን ሞልድ እናወጣለን። መቃብሩ ላይ የሚቆመው ሲሚንቶው ነው።

አስካለ፦ ስለ ቀለም ማን ጠየቀህ? ና ወዲህ። እጅህን አምጣ። እዚህ፣ ከትከሻው ዝቅ ብሎ። ምን አለ?

ኪሩቤል፦ ምንም የለም።

አስካለ፦ እሱን እኮ ነው የምልህ። ምንም የለም!

ኪሩቤል፦ እ... ያቺን ነው እንዴ? ጎድጎድ ያለችውን?

አስካለ፦ ጎድጎድ ያለችውን! አቤት ስትላት! የት አደረስካት?

ኪሩቤል፦ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ የኔ ጥፋት ነው። ስካን ስናደርግ መብራቱ ያልደረሰበት ቦታ ቀዳዳ ሆኖ ይመጣል። እሱን ኮምፒውተሩ ላይ እያየን እንደፍነዋለን፤ ማጽዳት ነው የምንለው። ቀዳዳ መስሎኝ ደፈንኳት።

አስካለ፦ ማጽዳት?

ኪሩቤል፦ በሥራው ቋንቋ።

አስካለ፦ ደግ። ሰው ነህ፣ ተሳሳትክ። አሁን የደፈንከውን አንሣና መልሳት። እጠብቃለሁ፤ ቤት የሚጠብቀኝ ሰው የለም።

ኪሩቤል፦ መመለስ አይቻልም እትዬ። መጀመሪያ የተነሣው ስካን የለም።

አስካለ፦ የት ሄደ?

ኪሩቤል፦ ጠፋ።

አስካለ፦ ኮምፒውተር ደግሞ ምን ይጠፋበታል? የኔ ስልክ እንኳ አንድ ቀን የጠየቅኩትን የጉልበት ቅባት ዓመቱን ሙሉ ሲያስታውሰኝ ይኖራል። ባሌ በሕይወት ሳለ ሁለት ቀን ሙሉ ቤቴ ውስጥ በመብራት ስትዞረው ከርመህ፣ ምሳህን ከእኔ እጅ በልተህ፣ ዛሬ ጠፋ ትለኛለህ?

ኪሩቤል፦ ይገባኛል፣ ቢቆጡኝም እውነትዎን ነው።

አስካለ፦ አልተቆጣሁም። ብቆጣ ታውቀው ነበር። ስማኝ ልጄ፣ ዋናው ቢኖር ኖሮ 'ሄደህ እንደገና አንሣው' ብዬህ ነገሩ ያልቅ ነበር። ዋናው የለም። ክረምት ላይ ደሴ ሄጄ እህቴን ሳስታምም ጣራው አፈሰሰበት። ጄሶ ውሃ ጠጥቶ ይተርፋል? ስመለስ ምንጣፌ ላይ እንደ ረጠበ ዱቄት ተከምሮ አገኘሁት። በአካፋ ነው ያነሣሁት። እያነሣሁ ምን እያልኩ ነበር መሰለህ? 'ግድ የለም፣ ኪሩቤል ጋ አለች። ግድ የለም አስካለ፣ አታልቅሺ፣ ኪሩቤል ጋ አለች።'

ኪሩቤል፦ እትዬ...

አስካለ፦ ኪሩቤል ደግሞ አጽድቷታል።

ኪሩቤል፦ እንዲህ አይበሉኝ።

አስካለ፦ የዚህን ሥራ ስም ታውቀዋለህ?

ኪሩቤል፦ «የቆመ ነገር»።

አስካለ፦ እሱን ነው። ሰው ሁሉ እየመጣ ይጠይቀው ነበር። ሴት ናት? ዛፍ ነው? ጋቢ የተከናነበ ሽማግሌ ነው? እሱ ደግሞ ቡናማ ኮቱን ለብሶ በኩራት 'የቆመ ነገር ነው' ይላል። አልዋሽህም፣ ሚስቱ ሆኜ እኔም አንድ ቀን አልገባኝም። ያቺን ጎድጓዳ ግን ከእሱ ሌላ የማውቃት እኔ ብቻ ነበርኩ። አንዱ ምሁር መጥቶ መነጽሩን አውልቆ አየና 'የዘመናችን ሰው ባዶነት ነው' ብሎ ጻፈ። ሌላው 'የተነጠቀ ልብ ነው' አለ። እኔ ጓዳ ሆኜ ስሰማ ልሳቅ ላልቅስ ግራ ይገባኛል። ባዶነት ይለኛል! የአምስት ዓመት ልጅ እጅ እኮ ነው!

ኪሩቤል፦ እ...

አስካለ፦ የልጄ እጅ ነው። የትርሲት። ጭቃው ገና እርጥብ እያለ፣ ጄሶው ሳይፈስ፣ እጇን የጫነችበት። ከዚያ በሃያኛው ቀን ትኩሳት ያዛትና ሞተችብኝ። ያለኝ ፎቶ ሁለት ነው፤ በአንደኛው ዞራለች። ልብሷን እያለቀስኩ ሰጠሁት። እዚያ ውስጥ ግን በልኳ ነበረች። ጠዋት ስነሣ ሦስት ጣቴን አስገባለሁ፤ ከሦስት በላይ አይገባም። 'እንዴት አደርሽ' እላታለሁ። ሠላሳ ሁለት ዓመት፣ ደሴ እስክሄድ ድረስ፣ አንድ ቀን አላስታጎልኩም። አሁን የደፈንከው ምን እንደሆነ ገባህ?

ኪሩቤል፦ ገባኝ። እግዜር ምስክሬ ነው፣ የልጅ ግራ እጅ መሆኑን ባውቅ አልነካውም ነበር።

አስካለ፦ ቆይ።

ኪሩቤል፦ ምነው?

አስካለ፦ ግራ መሆኑን ማን ነገረህ?

ኪሩቤል፦ እርስዎ ነዎታ፣ አሁን።

አስካለ፦ እኔ እጅ አልኩ እንጂ ግራ አልወጣኝም።

ኪሩቤል፦ ከአውራ ጣቱ... ከአቀማመጡ ያስታውቃል።

አስካለ፦ ቀዳዳ መስሎኝ ነው ያልከኝ አሁን። ቀዳዳ አውራ ጣት አለው እንዴ?

ኪሩቤል፦ እትዬ፣ ውሃ ላምጣልዎ?

አስካለ፦ ውሃህ ይቅር። የሚስማር ጭረት ያልረሳህ ሰው የልጄን አምስት ጣት ሳታይ ቀረህ? እዚህ ፊቴ ቁም። ዓይኔን እያየህ ተናገር።

ኪሩቤል፦ ቃል አለብኝ።

አስካለ፦ የማን ቃል?

ኪሩቤል፦ የጋሼ።

አስካለ፦ የልሳነወርቅ? የኔ ባል?

ኪሩቤል፦ ከማረፋቸው ሦስት ወር በፊት መጡ። ብቻቸውን።

አስካለ፦ እዚህ? ይኼን ሁሉ ደረጃ? በዚያ ሳንባው?

ኪሩቤል፦ ሁለት ቦታ ላይ ተቀምጠው አርፈው ነው የወጡት። እዚያች በርጩማ ላይ ተቀምጠው ሩብ ሰዓት መናገር አቃታቸው። ከዚያ ስካኑን አሳየኝ አሉኝ፣ አሳየኋቸው። ያቺን ቦታ በጣታቸው ነክተው 'ድፈንልኝ' አሉ።

አስካለ፦ ድፈንልኝ አለ?

ኪሩቤል፦ አዎ።

አስካለ፦ ስካኑስ?

ኪሩቤል፦ ራሳቸው ናቸው ያጠፉት። 'የቱን ነው የምጫነው?' አሉኝ፣ አሳየኋቸው፣ በገዛ ጣታቸው ተጫኑት።

አስካለ፦ አንተስ ዝም ብለህ አየኸው?

ኪሩቤል፦ ሥራው የሳቸው ነው። ምን ልበላቸው?

አስካለ፦ 'እሷን ጠይቋት' ባትለው እንኳ፣ 'እትዬ አስካለ ያውቃሉ?' አትለውም? ልጅቷ የሱ ብቻ ነበረች? ያማጣት እሱ ነው? ለእኔ 'ሐኪም ቤት ነው የምሄደው' ብሎኝ ወጥቶ ልጄን እዚህ መጥቶ ቀበራት! እኔ ደግሞ ምሳውን አሙቄ እጠብቀዋለሁ! አንዴ ሞታብኝ ነበር፤ እሱ ሁለተኛ ገደላት።

ኪሩቤል፦ እንዲያ አይደለም እትዬ።

አስካለ፦ ታዲያ እንዴት ነው? ለነገሩ ምን ይገርመኛል? መጨረሻውን እኔንም እንደዚሁ ነው ያደረገኝ።

ኪሩቤል፦ ምን አደረጉዎት?

አስካለ፦ እጁን ከለከለኝ።

ኪሩቤል፦ እጃቸውን?

አስካለ፦ አልጋ ላይ ከወደቀ አሥራ አንድ ቀን ነው የቆየው። ቀን ከሌት አጠገቡ ነኝ። 'እጅህን ስጠኝ' ስለው ግራውን ይሰጠኛል፤ ቀኙን ከጋቢው ሥር አያወጣም። ጋቢውን ልገልጥ ስል ይቆጣል። ያ ከአልጋ ቀና ማለት ያቃተው ሰው፣ ለዚያች ብቻ ጉልበት ከየት እንደሚያመጣ! ሠላሳ ስምንት ዓመት አብሬው ኖሬ፣ የመጨረሻዋን ቀን እንኳ ቀኝ እጁን ሳልጨብጠው ሄደ።

ኪሩቤል፦ ቀኝ እጃቸውን።

አስካለ፦ ቆይ፣ ገና ነው፤ የባሰውን ልንገርህ። ሲገንዙት ከነበሩት አንዱ ሽማግሌ ወደ እኔ ወጡና 'እልል በይ እንጂ፣ ባልሽ መስቀል ጨብጦ ነው ያረፈው' አሉኝ። በጨርቅ የተጠቀለለ የእጅ መስቀል ነው አሉ። ከእጁ ሊያስለቅቁት ቢሞክሩ አልለቅም አላቸው፤ ነውር ነው ብለው ሳይፈቱት እንዳለ ገነዙት። ልሳነወርቅና መስቀል! ለሰርግና ለቀብር ካልሆነ የቤተ ክርስቲያን ደጅ የማይረግጥ ሰው! የንስሐ አባታችንን ጠየቅኳቸው፣ 'እኔ መስቀል አልሰጠሁትም ልጄ' አሉኝ። ዓመቱን ሙሉ ስብሰለሰል ከረምኩ። ከማን ተቀበለው? ለምን ደበቀኝ? እጁን ለመስቀል ሰጥቶ ለእኔ ነሣኝ እያልኩ። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ በመስቀል ቀናሁ።

ኪሩቤል፦ ጨርቁ ምን ዓይነት ነበር?

አስካለ፦ ምን?

ኪሩቤል፦ የተጠቀለለበት ጨርቅ። አይተውታል?

አስካለ፦ ጫፉን አይቼዋለሁ። ቢጫ ነው፣ ጠርዙ ላይ ሰማያዊ ክር ያለው። ቤቴ ውስጥ እንዲያ ያለ ጨርቅ የለኝም፤ እሱም ሲያናድደኝ ኖሯል። ምነው? ምን ትፈልጋለህ እዚያ መሳቢያ ውስጥ?

ኪሩቤል፦ ይኼን ይመልከቱት።

አስካለ፦ እንዴ! ይኼማ...

ኪሩቤል፦ የስካነሩን መስታወት የምወለውልበት ነው። ሁለት ነበሩኝ። አንዱን ጋሼ ወሰዱት።

አስካለ፦ ምን ሊጠቀልልበት?

ኪሩቤል፦ መስቀል አልነበረም እትዬ።

አስካለ፦ ተናገር። በማርያም፣ አታንጠልጥለኝ።

ኪሩቤል፦ 'ድፈንልኝ' ያሉኝ ሊያጠፏት ፈልገው አይደለም። ከዚያ በፊት 'አውጣልኝ' ነው ያሉኝ። እጅ የገባበትን ጎድጓዳ ሲሞሉት የሚሞላው ነገር ራሱ እጅ ነው። ጋሼ ይኼን ያውቁታል፣ ዕድሜያቸውን ሙሉ ጄሶ ሲያፈሱ የኖሩ ናቸው። 'ይኼን ሁሉ ዓመት እዚያ ውስጥ ትቻታለሁ፤ አውጣልኝ' አሉኝ። የሞላሁበትን ብቻ ለይቼ ፕሪንት አደረግኩላቸው።

አስካለ፦ ምኑን?

ኪሩቤል፦ እጇን።

አስካለ፦ የትርሲትን እጅ?

ኪሩቤል፦ በልኳ። በዚህ ጨርቅ ጠቅልለው፣ ኮታቸው ውስጥ፣ በደረት ኪሳቸው ይዘዋት ወረዱ። 'ደረጃውን ልደግፍዎ' ብላቸው 'ተወኝ፣ ሰው አለኝ' አሉኝ።

አስካለ፦ ወይኔ ልሳነወርቅ!

ኪሩቤል፦ ይቀመጡ እትዬ። እዚህ ይቀመጡ።

አስካለ፦ ታዲያ ለምን ለእኔ ደበቀኝ? እኔ ብይዛት ምን አለበት? ተራ በተራ ብንይዛት?

ኪሩቤል፦ እሱን አይጠይቁኝ።

አስካለ፦ ከዚህ ወዲያ ምን የሚያስፈራህ ቀረ?

ኪሩቤል፦ 'ለአስካለ እንዳትነግራት፣ እሷ እንደምታውቀው ይቅርላት' ብለውኛል። እርስዎ እንዴት ነው የሚያውቁት? ያንን ቀን?

አስካለ፦ እንዴት ነው የማውቀው? ሥራ ላይ ነበርኩ፣ ስልክ ቤት፣ የከሰዓት ተረኛ። ስመለስ ጭቃው ላይ እጇን አየሁት። 'አንስቼ አስነካኋት፣ አባቷን ልታግዝ' አለኝ። ደስ አለኝ። እሷ ከሞተች በኋላማ ለዘመዱም ለጎረቤቱም ስንቴ አውርቼዋለሁ። አቅፎ አንስቷት፣ እጇን ይዞ አስነክቷት እያልኩ። ምነው አቀረቀርክ?

ኪሩቤል፦ ምንም።

አስካለ፦ አላነሣትም?

ኪሩቤል፦ በርጩማ ጎትታ ራሷ ነው የወጣችው። ጋሼ እንግዳ ሸኝተው ሲመለሱ እጇን እስከ አንጓዋ ጭቃው ውስጥ አገኙት። የአራት ወር ሥራ ነበር አሉኝ። በማግሥቱ ጄሶ ሊያፈሱበት። 'አበላሸሽው!' ብለው...

አስካለ፦ ብሎ ምን?

ኪሩቤል፦ መቷት። በመቅረጫው እንጨት። እጇን።

አስካለ፦ ልሳነወርቅ ልጁን መትቶ አያውቅም።

ኪሩቤል፦ አንድ ቀን።

አስካለ፦ ግራ እጇን?

ኪሩቤል፦ ግራ እጇን።

አስካለ፦ ያን ማታ በቀኟ በላች።

ኪሩቤል፦ ምን አሉኝ?

አስካለ፦ ግራኝ ነበረች። በግራዋ ትበላለች፣ በግራዋ ትጽፋለች፣ ስንት ጊዜ ጮኼባታለሁ መሰለህ! 'በቀኝሽ ብይ፣ ሰው ምን ይላል!' እያልኩ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ግራዋን ከኋላዋ አድርጋ በቀኟ መብላት ጀመረች። እኔ ታዲያ ምን አልኩ? 'ጎሽ የኔ ልጅ፣ ግራኝነቱን ተውሽው!' ብዬ አገላብጬ ሳምኳት። ጎረቤት ጠርቼ አሳየኋት። 'እዩልኝ፣ ተወችው' እያልኩ! ተመትታ እኮ ነው! እጇን ደብቃብኝ እኮ ነው! አላየሁም፤ እኔ ነኝ ዕውሯ!

ኪሩቤል፦ እርስዎ በምን ያውቃሉ?

አስካለ፦ እናቷ ነኝ። እኔ ካላወቅኩ ማን ይወቅላት?

ኪሩቤል፦ ጋሼም ያለቀሱት እሱን ነው። ጠዋት ወደ መዋዕለ ሕፃናት ሲወስዷት ሁልጊዜ በግራዋ ነበር አሉ የምትይዛቸው። ከዚያ በኋላ አልሰጠቻቸውም። 'ይቅርታ እላታለሁ፣ ነገ እላታለሁ እያልኩ ሰነበትኩ፤ አባት ልጁን ይቅርታ መጠየቅ አፍሬ' አሉኝ። ከዚያ ታመመች። አልጋዋ ላይ 'እጅሽን ስጪኝ' ብለው ቢለምኗት ከብርድ ልብሱ ሥር ደበቀችው።

አስካለ፦ ከብርድ ልብሱ ሥር።

ኪሩቤል፦ ስትሞት ጭቃው እዚያው ነበር። ቦታውን ሊጠግኑት ሁለት ጊዜ ሞከሩ፤ እጃቸው እምቢ አላቸው። እንዳለ አፈሰሱበት። ከዚያ ወዲያ ሰው ያቺን ጎድጓዳ ባደነቀ ቁጥር 'እንጨቱ እጄ ላይ ያለ ይመስለኛል' አሉ። 'አንድ ቀን እንኳ መልሼ ሳልይዛት አልሙት' ነው ያሉኝ። እኔ ይኼን ከሰማሁ በኋላ ምን ብዬ እምቢ ልበል?

አስካለ፦ አሥራ አንድ ቀን።

ኪሩቤል፦ አዎ።

አስካለ፦ ከጋቢው ሥር ይዟት ነበር። እኔ በዚህ በኩል ግራ እጁን ይዤዋለሁ፤ እሱ በዚያ በኩል ግራ እጇን ይዟታል። ኪሩቤል፣ ሦስታችንም ተያይዘን ነበር እኮ! እኔ ሳላውቀው! አጠገቤ ነበረች፣ እኔ ተቀምጬ የምቆዝመው 'እጁን ነሣኝ' እያልኩ!

ኪሩቤል፦ ያልቅሱ እትዬ። እኔም መቼ ቻልኩት።

አስካለ፦ ዓመት ሙሉ ተቀየምኩት። መቃብሩ ድረስ ሄጄ ሳልናገረው እየተመለስኩ። አበባውን አስቀምጬ፣ ጀርባዬን ሰጥቼው።

ኪሩቤል፦ አንድ ነገር ልስጥዎ። አይቆጡኝም?

አስካለ፦ ምን ቁጣ ቀረኝ?

ኪሩቤል፦ ይቺ መጀመሪያ የሠራኋት ናት። ጋሼ አልተቀበሏትም። መጣል አቅቶኝ እዚህ መሳቢያ ውስጥ አስቀመጥኳት። እጅዎን ይዘርጉ።

አስካለ፦ ትንሽ ናት! እንዲህ ትንሽ ነበረች? ስጠኝ። ይቺ መዳፏ ናት። ይቺ... ቆይ። ይቺማ እሷ አይደለችም።

ኪሩቤል፦ ለምን?

አስካለ፦ ትንሿ ጣት ሙሉ ናት። የትርሲት ትንሿ ጣት ጫፏ የለም፣ በሦስት ዓመቷ በር ቆርጦት። የማን እጅ ነው ያመጣህልኝ?

ኪሩቤል፦ እሳቸውም በዚሁ ቃል ነው ያሉኝ። 'የማን እጅ ነው ያመጣህልኝ?' እዚያችው እርስዎ የተቀመጡበት ላይ ተቀምጠው።

አስካለ፦ እሱም አወቃት?

ኪሩቤል፦ ሳያዩዋት፣ እንዲሁ ሲዳስሷት። ጥፋቱ የኔ ነው። ስካኑ የቆረጣት መስሎኝ፣ እንዳስለመደኝ አጽድቼ ጣቷን ሞልቼ ነበር። ጋሼ 'መልሰህ አሳጥራት፤ የኔ ልጅ እንደዚያ ናት' አሉኝ። እስከ ማታ ጠብቀው ሁለተኛዋን ነው ይዘው የሄዱት።

አስካለ፦ የሁለተኛዋስ ፋይል? እሱንም በጣቱ አጠፋው?

ኪሩቤል፦ እሱን እኔ እንዳጠፋው አስማሉኝ። ማልኩላቸው።

አስካለ፦ አጠፋኸው?

ኪሩቤል፦ አቃተኝ። እኔም ሴት ልጅ አለችኝ፣ አራት ዓመቷ ነው። ሁለት ጊዜ ልጫነው ብዬ ጣቴን መለስኩ። ለማንም አላሳየሁትም፤ አለ። ጋሼ ይቅር ይበሉኝ።

አስካለ፦ እኔ ይቅር ብዬሃለሁ፤ የሱንም ደርቤ። ዕድሜ ይስጥህ።

ኪሩቤል፦ እንግዲያው ነገሩ ቀላል ነው። ያንን እጅ ኮምፒውተሩ ላይ እዚህ ትከሻው ላይ መልሼ አስገባዋለሁ፣ ጎድጓዳዋ ልክ እንደነበረች ትመጣለች። እስከ ማክሰኞ አዲሱን ፕሪንት አደርስልዎታለሁ። ሦስት ጣትዎን ያስገባሉ።

አስካለ፦ አይ፣ ተወው።

ኪሩቤል፦ ተወው? ጠዋት የመጡት ለሱ አይደል እንዴ?

አስካለ፦ ለሱ ነበር። በኮምፒውተር አልፈልግም። ይኼ እንዳለ ይሁን፣ ድፍኑን ይሂድ። አንተ እጇን ብቻ ሥራልኝ። ትንሿን ጣቷን እንዳትነካብኝ።

ኪሩቤል፦ አሁን ማስጀመር እችላለሁ። አራት ሰዓት ይፈጃል ግን።

አስካለ፦ ይፍጅ። እዚህችው በርጩማ ላይ እቀመጣለሁ። ሲሚንቶው የሚፈሰው መቼ ነው?

ኪሩቤል፦ ሐሙስ።

አስካለ፦ ያችን ቦታ፣ ትከሻው ሥር ያለችውን፣ እርጥብ እንደሆነች ልታቆይልኝ ትችላለህ?

ኪሩቤል፦ ሞልዱን በዚያ በኩል ቀድመን ከከፈትነው... ትንሽ ጊዜ ጭቃ እንደሆነች ትቆያለች። ለምን ፈለጓት?

አስካለ፦ ትርሲትን ይዣት እመጣለሁ። ራሷ እጇን ትጫንበት። ዘንድሮ አንስቼ የማስነካት እኔ ነኝ።

ኪሩቤል፦ እትዬ፣ እውነቱን ልንገርዎ፤ ሲሚንቶ እንደ ጭቃ አይደለም። ሊሰነጠቅ ይችላል። ሙት ዓመቱ ደግሞ ደርሷል፣ ሌላ ለማፍሰስ ጊዜ የለንም። ሥራው ሊበላሽ ይችላል።

አስካለ፦ ታበላሸዋ! አሁን የሚመታት የለም።